የሕዝብ ጥግግት ምንድን ነው? ምንስ አይደለም?

በአሜሪካ ኔብራስካ ክፍለ ግዛት ውስጥ ቼሪ የሚባል ካውንቲ (የአስተዳደር ክፍል) አለ። የመሬት ስፋቱ ከ15,400 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ2020 በተደረገው ቆጠራ 5,455 ነዋሪ ነበረው። አንዱን ለሌላው ስታካፍሉ ለአንድ ሰው ወደ ሦስት ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መሬት ይደርሰዋል። ሰሞኑን አንድ አስተያየት ሰጪ ይህንን ይዞ አገሩ ባዶ ነው፣ ሰው ጠፍቶ እንጂ ስንቱ ይሰፍርበት ነበር ሲል አነበብኩ። እንዲህ ያለ ነገር ሳነብ የመጀመሪያዬ አይደለም። ማካፈሉን አልከራከርም። "ባዶ" የሚለው ከየት መጣ?

የሕዝብ ጥግግት የሰው ብዛት ለመሬት ስፋት ሲካፈል የሚገኝ ቁጥር ነው። በቃ። ሰዉ የት እንደተቀመጠ፣ መሬቱ የማን እንደሆነ፣ ስንት ሰው መመገብ እንደሚችል አይነግራችሁም።

በዶሮ ወጥ ላስረዳ። ድስቱ ውስጥ 12 እንቁላል አለ እንበል። ወጡ 24 ጭልፋ ይወጣዋል። አማካዩ በጭልፋ ግማሽ እንቁላል ነው። ግን ጭልፋው ላይ ግማሽ እንቁላል የወጣለት ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? ወይ ሙሉ እንቁላል ይወጣል፣ ወይ መረቅ ብቻ። ግማሹ ያለው ስሌቱ ውስጥ ነው፣ ድስቱ ውስጥ የለም። ደግሞ እንቁላሎቹ ታች ተደራርበው ነው የሚገኙት። አንዱን እንቁላል ኑሮ እንዴት ነው ብትሉት ተጨናንቄአለሁ ይላችኋል። ላይ ያለው ዘይት ደግሞ እንቁላል የሚባል ነገር አላየሁም ይላል። ሁለቱም አልዋሹም። እኛ የሕዝብ ቁጥር የምናጠና ሰዎች የእንቁላሉን መልስ ስንፈልግ በሕዝብ የተመዘነ ጥግግት እናሰላለን። ማለትም መሬቱን ትተን እያንዳንዱ ሰው በዙሪያው ምን ያህል ጎረቤት አለው ብለን ነው የምንጠይቀው።

ወደ ቼሪ እንመለስ። ከ5,455ቱ ሰዎች 2,633ቱ የሚኖሩት ቫለንታይን በምትባለው ከተማ ነው። ከተማዋ የካውንቲው መቀመጫ ናት፤ ስፋቷ ጥቂት ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ ከነዋሪው ግማሽ የሚጠጋው አጥር ለአጥር ተጎራብቶ ነው የሚኖረው። ከቀሪው ውስጥ የተወሰነው አውራ ጎዳና 20ን ተከትለው በሰሜኑ ጠርዝ በተደረደሩት ትናንሽ መንደሮች ውስጥ አለ። ኮዲ፣ ኪልጎር፣ ሜሪማን ከእነዚህ ናቸው። ወደ ደቡብ ስትወርዱ የከብት እርባታ ብቻ ነው። እዚያ አንዱ ቤት ከሌላው ብዙ ኪሎ ሜትር ይርቃል። ቫለንታይንን አውጥታችሁ ብታሰሉ ለአንድ ሰው ከአምስት ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። "ለአንድ ሰው ሦስት" የሚለውን ኑሮ የሚኖር ማንም የለም።

ድንበርም ሌላ ጣጣ ነው። ካውንቲው ከምሥራቅ ምዕራብ 150 ኪሎ ሜትር ግድም ይሆናል፤ ሰፊ ከመሆኑ የተነሳ በሁለት የሰዓት ቀጠና ተከፍሏል። ይህ ወሰን በ1883 የተሠመረ ነው። ሌላ ቦታ ላይ ተሠምሮ ቢሆን ኖሮ አንድ ሰው ከቤቱ ሳይንቀሳቀስ ጥግግቱ ይለወጥ ነበር። ኢትዮጵያም ላይ ያው ነው። ጌዴኦንና ሶማሌ ክልልን በአንድ አማካይ ጨፍልቆ የሚያወራ ሰው ስለ ሁለቱም ምንም አላለም። በዚያ ላይ የእኛ የመጨረሻ ቆጠራ የ1999 ዓ.ም. ስለሆነ የሚካፈለው ቁጥር ራሱ ትንበያ ነው። ይህን ሳልል ማለፍ አልችልም።

የአሜሪካውም ቢሆን ንጹሕ እንዳይመስላችሁ። በ2020 ቆጠራ የሰዎችን ምስጢር ለመጠበቅ ሲባል ከክፍለ ግዛት በታች ባሉት ቁጥሮች ላይ ሆን ተብሎ ጥቂት መዛባት ተጨምሯል። 5,455 የሚለው በጥቂት ሰው ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል። ለካውንቲው ይህ ኢምንት ነው። ጥቂት ነዋሪ ላላት መንደር ግን ቀልድ አይደለም። ስለዚህ የመንደር ጥግግት በነጥብ አስልቶ የሚለጥፍ ሰው ስታዩ ተጠንቀቁ።

አሁን "ባዶ" ወደሚለው ልምጣ። ቼሪ ያለው ሳንድሂልስ በሚባለው አካባቢ ነው። ይህ ሣር የለበሰ የአሸዋ ኮረብታ ነው፤ በጠቅላላው 50,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ይሸፍናል። ከሥሩ ኦጋላላ የሚባለው ትልቅ የከርሰ ምድር ውኃ አለ፤ ብዙ ትናንሽ ሐይቆችም አሉት። ከላይ ሲያዩት ለም ይመስላል። ሣሩን ገልብጣችሁ ካረሳችሁት ግን አሸዋው በነፋስ ይነሳል።

ይህ ደግሞ ተሞክሯል። የ1862ቱ የሰፈራ ሕግ ለአንድ ቤተሰብ 65 ሄክታር ግድም ይሰጥ ነበር። ለሳንድሂልስ ይህ ምንም እንዳልሆነ ሲታይ፣ ሞዝስ ኪንኬይድ የተባለ፣ ኔብራስካን ወክሎ በአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት የተቀመጠ ሰው በ1904 ያወጣው ሕግ ድርሻውን አራት እጥፍ አደረገው፤ 259 ሄክታር። ሰው ጎረፈ። ከ1907 ጀምሮ ጥቁር አሜሪካውያን ሳይቀሩ ደዊቲ የምትባል መንደር መሥርተው ነበር። በ1900 ከ6,500 ትንሽ ከፍ ይል የነበረው የካውንቲው ሕዝብ በ1920 ላይ 11,753 ደረሰ። ከዚያ ወዲህ መውረድ ነው። 259 ሄክታርም ቤተሰብ አላኖረም። ብዙዎቹ ለከብት አርቢዎች ሸጠው ሄዱ። ደዊቲም ተበተነች።

እንግዲህ አስተያየት ሰጪው "ቢሰፍርበት" ያለው ነገር ከመቶ ዓመት በፊት በመንግሥት ሕግ ተደግፎ ተሞክሮ ያልሆነ ነገር ነው። ዛሬ መሬቱ ላይ ከሰው በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ከብት አለ። ቼሪ በሥጋ ከብት እርባታ ከአሜሪካ ካውንቲዎች ግንባር ቀደም ከሆኑት አንዱ ነው። አብዛኛው መሬት ባለቤት አለው፣ አጥር አለው፣ ግብር ይከፈልበታል። ይህን ባዶ ካልን ሥራ ላይ ያለውን የግጦሽ መሬት ሁሉ ባዶ ልንል ነው።

መቼም አስተያየት ሰጪው ብቻውን አይደለም፤ የአሜሪካ መንግሥት ራሱ በዚህ ቁጥር ተሳስቷል። የ1890 ቆጠራ ኃላፊዎች በካሬ ማይል (2.6 ካሬ ኪሎ ሜትር ግድም) ከሁለት ሰው በታች ያለበትን ቦታ ሰው እንዳልሰፈረበት ይቆጥሩት ነበር። ላኮታ የሚባሉት የአገሬው ተወላጆች በዚያ ምድር ለትውልዶች ኖረዋል፤ የሮዝበድ ክልላቸው ዛሬም ከቼሪ በስተ ሰሜን፣ ወሰኑን እንደተሻገራችሁ ነው ያለው። ይህ በመለኪያው አይታይም። ቼሪ ራሱ ሕዝቡ ጣሪያ በነካበት በ1920 እንኳ በዚህ መለኪያ ሁለት ሊሞላ ለጥቂት ቀርቶት ነበር። አሁን አንድም አይሞላም። በ1890ው ደንብ ከሄድን ቫለንታይን ሆስፒታሏን፣ ትምህርት ቤቶቿንና ፍርድ ቤቷን ይዛ ማንም ባልሰፈረበት ካውንቲ ውስጥ ነው ያለችው።