«125 ዓመት አለኝ» እና ሌሎች የፍላት ሊዝ ስህተቶች

ለንደን ውስጥ የቤት ሽያጭና ግዢ ውል በሚሠራ የሶሊሲተር ቢሮ ከተቀጠርኩ አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። አበሻ ደንበኛ ሲመጣ ፋይሉ እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው የሚያርፈው። ፍላት ያለውን ሰው «ሊዝህ ስንት ዓመት ቀረው?» ስለው የምሰማው መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ኧረ እኔ 125 ዓመት አለኝ!» ይህች መልስ ስንቱን እንዳከሰረች ስላየሁ በሰማኋት ቁጥር ያንገበግበኛል። የምጽፈው ስለ እንግሊዝና ዌልስ ብቻ ነው፤ የስኮትላንድ ሕግ ሌላ ነው። ዘመኑንም እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ያዙልኝ።

ትንንሾቹን ስህተቶች አስቀድሜ ላንሳ።

«ገዝቼዋለሁ፣ የኔ ነው።» ሕንፃውም መሬቱም የፍሪሆልደሩ፣ የዋናው ባለቤት ማለት ነው። እናንተ የገዛችሁት ሊዝ፣ በውስጡ ለተወሰነ ዘመን የመኖር መብት ነው፤ ዘመኑ ደግሞ በየቀኑ ይቀንሳል።

«ሲያልቅ መንግሥት ያድሰዋል።» ይህን ከአገር ቤት ይዘነው የመጣን ይመስለኛል። እዚያ የከተማ መሬት የመንግሥት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር በ2004 የወጣው አዋጅ ቁጥር 721 ለመኖሪያ 99 ዓመት ነበር የሰጠው። እዚህ ፍሪሆልደሩ ኩባንያ፣ ግለሰብ ወይም ካውንስል ነው፤ ማንም በራሱ ተነሥቶ አያድስላችሁም።

«ባለቀ ማግሥት ያስወጡናል።» እዚያው ፍላት የሚኖር ሰው አብዛኛውን ጊዜ ተከራይ ሆኖ የመቆየት መብት አለው። ግን በገበያ ዋጋ እየተከራየ ነው፤ ለልጆቹ የሚያወርሰው ቤት የለውም።

«ፍሪሆልደሩ እምቢ ካለ አለቀ።» ከ1993 ጀምሮ ሕግ አለ። ሊዙ መጀመሪያ ሲሰጥ ከ21 ዓመት በላይ ከነበረ፣ በቀረው ዘመን ላይ 90 ዓመት እንዲጨመርና ግራውንድ ሬንቱ (ለፍሪሆልደሩ በየዓመቱ የሚከፈለው የመሬት ኪራይ) እንዲቀር መጠየቅ መብታችሁ ነው። በተግባር ክርክሩ የዋጋ ነው። ፍሪሆልደሩ የገባበት ቢጠፋ እንኳ በፍርድ ቤት በኩል ይሠራል።

አሁን ወደ 125ቱ ልመለስ። ባለፈው ኖቬምበር፣ በ2025 ማለት ነው፣ አንዲት እናት ወረቀቶቻቸውን በፌስታል ቋጥረው መጡ። ፍላቷን በ2003 በራይት ቱ ባይ (የካውንስል ተከራይ የሚኖርበትን ቤት የሚገዛበት መብት) ከካውንስል ነው የገዙት። «ልጄ፣ ለሞርጌጁ ጉዳይ እንጂ ሊዙስ ገና 103 ዓመት አለው» አሉኝ። በ2003 ላይ 125 ደምረው ነው ያሰሉት። ሊዙ በአረንጓዴ ክር የተሰፋ ነው፤ የመጀመሪያውን ገጽ ገልጬ ጣቴን መስመሩ ላይ አደረግሁላቸው። «125 ዓመት፣ ከኤፕሪል 1 ቀን 1981 ጀምሮ» ይላል። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና ደግመው አነበቡት።

ስህተት የሠራ ሰው የለም። በራይት ቱ ባይ ሕግ፣ በአንድ ሕንፃ ውስጥ ከ1980 ወዲህ አንድ ፍላት በ125 ዓመት ሊዝ ከተሸጠ፣ ካውንስሉ በኋላ የሚሸጣቸውም በዚያው ቀን እንዲያልቁ ማድረግ ይችላል። ስለዚህ የእማማ ሊዝ የሚጠናቀቀው ማርች 31 ቀን 2106 ነው። የቀራቸው 80 ዓመት ከአምስት ወር እንኳ አይሞላም ነበር።

ያቺ 80 ናት ቁም ነገሯ። ኖቲስ (ሊዙ እንዲራዘም በጽሑፍ የሚቀርበው ጥያቄ) ለፍሪሆልደሩ በሚሰጥበት ቀን ከ80 ዓመት በላይ ከቀረ፣ የሚከፈለው ፍሪሆልደሩ ለሚያጣው ግራውንድ ሬንትና ፍላቱን የሚረከብበት ቀን ለመራቁ ነው። 80 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ግን «ሜሬጅ ቫልዩ» የሚባል ይጨመራል፤ ሊዙ በመራዘሙ ፍላቱ ላይ የሚመጣው ትርፍ ይሰላና ግማሹ ለፍሪሆልደሩ ይሆናል። ለምሳሌ ሊዙ ሲራዘም 400,000 ፓውንድ የሚያወጣ፣ ግራውንድ ሬንቱ በዓመት 10 ፓውንድ የሆነ ፍላት እንውሰድ። በተለመደው የ5 በመቶ ስሌት 81 ዓመት ሲቀረው የማራዘሚያው ዋጋ ወደ 8,000 ፓውንድ ነው። ያው ፍላት 70 ዓመት ሲቀረው፣ ሳይራዘም የሚያወጣው 365,000 ከሆነ፣ የማራዘሚያው ዋጋ ወደ 24,000 ይጠጋል። በዚያ ላይ ሊዙ እያጠረ ሲሄድ ብዙ ባንክ ሞርጌጅ አይሰጥበትም፤ ስትሸጡ ገዢው ጥሬ ገንዘብ የያዘ ብቻ ይሆናል፣ እሱም ዋጋ ይሰብራል።

በ1980ዎቹ የተሸጡ የካውንስል ሕንፃዎች ሁሉ አሁን ወደዚችው መስመር እየቀረቡ ነው። እባካችሁ ሊዛችሁን ዛሬ አውጡና የሚጀምርበትን ቀን እዩ። ከጠፋባችሁ የላንድ ሬጂስትሪ መዝገቡን በ7 ፓውንድ ኦንላይን ታገኙታላችሁ፤ ቀኑም ዘመኑም እዚያ ላይ አለ። እኔ ለሚጠይቀኝ ሁሉ ሊዙ 85 ዓመት ሲቀረው ማራዘሙን ጀምሩ እላለሁ። ሰርቬየር (ዋጋውን የሚገምተው ባለሙያ) ለማግኘት፣ ገንዘብ ለማሰባሰብ፣ ወረቀት ለማሟላት ጊዜ ይወስዳል።

«አዲስ ሕግ ወጥቷል፣ ልጠብቅ።» ከ125ቱ ቀጥሎ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። በሜይ 2024 የጸደቀው ሕግ 990 ዓመት ይሰጣል፣ ሜሬጅ ቫልዩንም ያስቀራል፤ እውነት ነው። ግን ሥራ ላይ የሚውለው በየክፍሉ ነው። ከጃንዋሪ 31 ቀን 2025 ጀምሮ ፍላቱን ከገዙ በኋላ ሁለት ዓመት መጠበቅ ቀርቷል። እነዚያ ሁለቱ ትልልቆቹ ግን እስከ 2025 መጨረሻ ድረስ አልተጀመሩም። 75 ዓመት የቀረውና የመሸጥ ሐሳብ የሌለው ሰው ቢጠብቅ ይገባኛል። 81 ላይ ያለ ሰው ግን ሕጉ ቢዘገይ መስመሩን አልፎ ያገኘዋል። ለእማማም ያልኳቸው ይህንኑ ነው፤ ኖቲሳቸው ከፈረንጅ ገና በፊት ለካውንስሉ ደረሰ። ዋጋው የሚሰላው ኖቲሱ በተሰጠበት ቀን ስለሆነ፣ ድርድሩ ቢጓተት እንኳ ሰማንያዋ አትነካቸውም።

«ፍሪሆልደሩ በደብዳቤ ርካሽ ዋጋ ልኮልኛል።» የተጻፈውን ሁሉ አንብቡ። ብዙ ጊዜ 90 ዓመት አይጨምርም፤ ጠቅላላውን ወደ 99 ወይም 125 ይመልሰዋል፣ የድሮው ግራውንድ ሬንትም የድሮው ዘመን እስኪያልቅ ሊቀጥል ይችላል። ሐሳቡን ቢቀይር ደግሞ የሚያስገድደው ነገር የለም፤ ቀኑ ግን እየሄደ ነው። ከመፈረማችሁ በፊት በሰርቬየር አስገምቱ። ሊዝሆልድ አድቫይዘሪ ሰርቪስ የሚባለው የመንግሥት ድርጅት በነጻ ያማክራል፤ ዌብሳይቱ ላይ ማስሊያም አለው።

«የምከፍለው ዋጋውን ብቻ ነው።» እስካሁን ባለው አሠራር የፍሪሆልደሩን ተገቢ የሶሊሲተርና የሰርቬየር ወጪም የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ።

«ኖቲሱ ከገባ በኋላ የሶሊሲተሩ ሥራ ነው።» ፍሪሆልደሩ መልስ ሲሰጥና በዋጋው ሳትስማሙ ስትቀሩ፣ መልሱ ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ ክርክሩን ወደሚዳኘው ትራይቡናል ማመልከት ግድ ነው። ካለፈ ኖቲሱ እንደተተወ ይቆጠራል፤ አዲስ ለማስገባት አንድ ዓመት መጠበቅ አለ። አንድ ጋሼ ሌላ ቢሮ ሲያሠሩ ቀኑ እንዲሁ አለፈባቸው። ኖቲሱን ያስገቡት 80 ዓመት ከሰባት ወር ሲቀራቸው ነበር፤ ወደ እኛ ሲመጡ ከ80 በታች ወርደዋል። ስለዚህ መልሱ እንደደረሳችሁ ስድስት ወሩ የሚሞላበትን ቀን ስልካችሁ ላይ መዝግቡ፤ ሊሞላ ሁለት ወር ሲቀረው ደውላችሁ «ማመልከቻው ገባ ወይ?» በሉ፤ ማስረጃውንም በኢሜይል አስልኩ።