«ለውሻ ይሆናል» እና ሌሎች ስለ እህል ያልተላቀቁን ስህተቶች

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ ወይም በከሚሴ ስለ ምግብ ወሬ ሲነሳ ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ «ጎጂው እህል የቱ ነው?» የሚል ነው። አንዱ ስንዴን ይኮንናል፤ ሌላው ማሽላን የቸገረው ሰው ምግብ አድርጎ ይንቃል፤ ሦስተኛው ውሻው እህል እንዳይቀምስ ይከለክላል። በዚያው ቤት ግን የሻገተ እንጀራ ለግቢው ውሻ ይወረወራል፤ እርጥበት የገባው ማሽላ ለዶሮ ይበተናል። ሰውንም እንስሳንም በብዛት የሚጎዳው የእህሉ ዓይነት ሳይሆን አያያዙና አዘገጃጀቱ ነው። ይህን ደጋግሞ ማስረዳት ያታክታል፤ ሆኖም ዋጋው ጉበትና ሕይወት ስለሆነ ዝም አይባልም።

«ስንዴ ስለማይስማማኝ ወደ ገብስ ዞርኩ።»

ግሉተን የሚባለው የስንዴ ፕሮቲን ገብስ ውስጥም አለ። ከስንዴ ዳቦ ወደ በሶ የዞረ ሰው ከግሉተን አልራቀም። ሆዱን የሚነፋው ፍሩክታን የሚባለው፣ አንጀት ውስጥ በባክቴሪያ የሚብላላው የካርቦሃይድሬት ዓይነት ከሆነም እሱም በሁለቱ ውስጥ ይገኛል። ግሉተን የሌላቸው ጤፍ፣ ማሽላ፣ ዘንጋዳ፣ በቆሎ፣ ዳጉሳና ሩዝ ናቸው። አጃ ከስንዴና ከገብስ ጋር አብሮ ስለሚበቅልና ስለሚፈጭ አይታመንም፤ የረመዳን ሾርባ የሚሠራበት ቅንጬም እንዲሁ።

ሴሊያክ የሚባለው፣ ግሉተን ሲበላ ሰውነት የራሱን አንጀት የሚያጠቃበት በሽታ፣ በዓለም ደረጃ ከመቶ ሰው አንዱን ገደማ ይይዛል። የሚጠረጥር ሰው ስንዴ ከማቆሙ በፊት ይመርመር። የደም ምርመራው የሚፈልገው በሽታው ያለበት ሰው ግሉተን ሲበላ ሰውነቱ የሚያመነጨውን ፀረ እንግዳ አካል ስለሆነ፣ ስንዴ ካቆሙ በኋላ ሲመረመሩ ውጤቱ በሐሰት «ነፃ» ሊል ይችላል። ያቆመ ሰው ከምርመራው በፊት ቢያንስ ለስድስት ሳምንት፣ በቀን ከአንድ ጊዜ በላይ ስንዴ ያለበት ምግብ መብላት አለበት። በሽታው የተረጋገጠበት ደግሞ ከገበያ የተገዛ «የጤፍ እንጀራ» አይመን፤ ገብስ ወይም ስንዴ የተቀላቀለበት ብዙ ነው። ወፍጮ ቤትም ከስንዴ በኋላ የገባ ጤፍ የስንዴ ዱቄት ይዞ ይወጣል። ወፍጮው ከተጠረገ በኋላ መጀመሪያ የሚወጣውን አንድ ሁለት ኪሎ ለሌላ ሰው ትቶ ቀጣዩን መውሰድ ብክለቱን ይቀንሳል፤ በሽታው ለጠናበት ግን ይህም አይበቃም፣ የራሱ ወፍጮ ያስፈልገዋል።

«ጤፍ የሚበላ ሰው ደም አያንሰውም።»

ያንሰዋል። ጤፍ ላይ ከሚለካው ብረት ከፊሉ ከአውድማው አፈር የመጣ ነው፤ ከራሱ ከጤፉ ያለውንም ፋይቴት የተባለው ንጥረ ነገር ይይዘዋል። ሊጡ በእርሾ ሁለት ሦስት ቀን ሲቦካ ፋይቴቱ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ቸኩለው የሚጋግሩት እንጀራ ብረቱን አይለቅም። ከምግቡ ጋር ቃሪያ፣ ቲማቲም ወይም ሎሚ ይኑር። ቡናው ደግሞ ከምግብ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይራቅ።

«የሕፃን ምጥን የእህሉ ዓይነት በበዛ ቁጥር ይጠቅማል።»

አሥራ ሁለት ዓይነት የገባበት ምጥን እየተባለ የሚኮራበት ዱቄት ከአራት ዓይነቱ የተሻለ የሚሆንበት ምክንያት የለም። የሚያስፈልገው መጠኑ ነው፤ ሦስት እጅ እህል፣ አንድ እጅ ጥራጥሬ። ስንዴና ማሽላ ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን አካል ያንሳቸዋል፤ ሽምብራ፣ ምስርና አተር ያሟሉታል። አሥር ዓይነት እህል ደርድሮ ጥራጥሬውን አንድ እፍኝ ማድረግ ፕሮቲኑን ያሳጣዋል። ጥራጥሬው ይታጠብ፣ ይቆላ፣ ይከካ፣ ገለባው ይውጣ። ኦቾሎኒ የሚጨመር ከሆነ ፍሬ በፍሬ ይለቀም፤ የተጨማደደውና የጠቆረው ይጣል። ከስድስት ወር ጀምሮ የሚሰጠው ገንፎ ማንኪያው ሲዘነበል እንደ ውሃ የማይፈስ ይሁን። የቀጠነ አጥሚት ሆድ ይሞላል እንጂ አያሳድግም። ስንዴን እስከ አንድ ዓመት ማቆየትም አያስፈልግም።

«ለሰው ባይሆን ለውሻ ይሆናል።»

ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነው ይኸኛው ነው፤ መልሱም ረዥም ነው። አረንጓዴና ጥቁር ሆኖ የሚታየው የሻጋታው ዘር ብቻ ነው። ክሩ ከዚያ በፊት እንጀራው ዓይን ውስጥ ዘልቋል። ስለዚህ ዳር ዳሩን ቆርጦ መሃሉን መብላት አይረዳም፤ የሻገተውን ፀሐይ ላይ አስጥቶ ድርቆሽ ማድረግም እንዲሁ። ፀሐይ ሻጋታውን ያደርቀዋል፤ የተወውን መርዝ ግን አያወጣውም። ድርቆሽ የሚሠራው ከትርፍ እንጀራ በዚያው በተጋገረበት ወይም በማግስቱ ነው፤ ተቀዳዶ ንጹሕ ጨርቅ ላይ ተሰጥቶ፣ ሲሰብሩት ቀጭ እስኪል ድረስ።

«እሳት ያየ ነገር አይጎዳም» የሚለውም ትክክል አይደለም። በበቆሎ፣ በማሽላና በኦቾሎኒ ላይ የሚበቅለው ሻጋታ የሚያመነጨው አፍላቶክሲን ለመፍረስ ከ230 ዲግሪ በላይ ሙቀት ይፈልጋል። ደሴ ላይ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ምጣድ ላይ ያለ እርጥብ ሊጥም ውስጡ ከዚያ ብዙ አያልፍም።

ውሻ ለአፍላቶክሲን ከብዙ እንስሳት ይልቅ ስስ ነው። የተመረዘ ውሻ መጀመሪያ ምግብ ይጠላል፣ ያስመልሰዋል፤ ቀጥሎ ድዱና የዓይኑ ነጭ ክፍል ቢጫ ይሆናል፣ ሽንቱ ይጠቁራል። ያኔ ጉበቱ ተጎድቷል። የሻገተ ዳቦ ደግሞ ሌላ ዓይነት መርዝ አለው፤ ውሻው በሰዓታት ውስጥ ይንቀጠቀጣል፣ ይንገዳገዳል፣ አንዳንዴም ይጥለዋል። የሚንቀጠቀጥን ውሻ ለማስመለስ አትሞክሩ፣ ወተትም አትጋቱት፤ ጨለማና ጸጥ ያለ ቦታ አድርጋችሁ ወዲያው ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዱት። ለዶሮም አይሆንም፤ እ.ኤ.አ. በ1960 እንግሊዝ አገር ከመቶ ሺህ በላይ ቱርክ ዶሮዎች ያለቁት በአፍላቶክሲን በተበከለ የኦቾሎኒ ፋጉሎ ነው። ለላም ሲሰጥ ደግሞ መርዙ በወተቱ ወደ ቤት ይመለሳል።

ወሎ ይህን በከባድ ዋጋ ተምሯል። እ.ኤ.አ. በ1977 እና 1978 ሲናር የሚባለው አረም የተቀላቀለበት ገብስ የበሉ ሰዎች ጣትና እግራቸው ጠቁሮ ደርቋል፤ የሞቱም አሉ። ምክንያቱ ኤርጎት የሚባል ፈንገስ ነው፤ በሲናሩ ራስ ላይ በፍሬው ፈንታ ጥቁር፣ ረዘም ያለ፣ የአይጥ ኩስ የሚመስል ነገር ያበቅላል። እንዲህ ያለ ነገር በሰፌዱ ላይ ካያችሁ እህሉን አታስፈጩ። አንድ ኪሎ ጨው በአራት ሊትር ውሃ አሟሙታችሁ እህሉን ጨምሩበትና አማስሉ፤ ጥቁሩ ይንሳፈፋል። ገፋችሁ ጣሉት፤ የቀረውን በንጹሕ ውሃ ደጋግማችሁ አጥባችሁ አድርቁ። የተጣለውም ከብትና ዶሮ በማይደርስበት ይቀበር።

መከላከያው ድርቀት ነው። እህል ጎተራ የሚገባው እርጥበቱ ከ13 በመቶ በታች ሲሆን ነው። መለኪያ ለሌለው ሰው ጨውና ጠርሙስ ይበቃል። ጨውን ምጣድ ላይ አድርቃችሁ አቀዝቅዙት። ደረቅ የመስታወት ጠርሙስ ውስጥ ሁለት ማንኪያ ጨውና ሁለት መቶ ግራም ገደማ እህል አድርጋችሁ ክደኑ፤ አንድ ደቂቃ ነቅንቁ፣ ሩብ ሰዓት አስቀምጡ። ጨው ጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ እርጥበቱ ከ15 በመቶ በላይ ነውና ወደ ስጡ ይመለስ። ካልተለጠፈም ገና ደኅና ነው ማለት ስላልሆነ አንድ ሁለት ቀን ፀሐይ ጨምሩለት። በቆላው ማሽላን ጉድጓድ የሚያስቀምጥ ሰው ከግድግዳውና ከወለሉ የነካውን፣ የከረፋውንና የተቋጠረውን ለይቶ ይጣል፤ ከደኅናው ጋር ሲቀላቀል ሁሉንም ያበላሻል። አየር የማያስገባው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ነቀዝን በደንብ ይገድላል፣ እርጥብ እህል ግን ውስጡም ይበላሻል።

«ውሻ ሥጋ በል ነው፣ እህል አይፈጭም።»

የበሰለ እህል ይፈጫል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የዘረመል ጥናት ውሻ ስታርች የሚፈጨውን ኢንዛይም የሚሠራው ዘረመል ከተኩላ በብዙ እጥፍ እንዳለው አሳይቷል። አለርጂ ሲኖርም ብዙውን ጊዜ የሚቀድሙት የበሬ ሥጋ፣ ወተትና ዶሮ ናቸው፤ ስንዴ ከእነሱ በኋላ ነው። «እህል አልባ» የተባሉትን፣ አተርና ምስር የበዛባቸውን የታሸጉ ምግቦች በተመለከተ የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2018 ከልብ ሕመም ጋር ያላቸውን ግንኙነት መመርመሩን አስታውቋል። ስለዚህ ውድ ስለሆነ ይሻላል አይባልም።

እንጀራ ብቻ መስጠትም ሌላው ጥግ ነው። ለ20 ኪሎ ውሻ በቀን 200 ግራም ደረቅ ቅንጬ በአራት እጥፍ ውሃ እስኪፈርስ ይቀቀል፤ 250 ግራም ሳንባ፣ ጨጓራ ወይም ሥጋ ይጨመርበት፤ ጉበት በሳምንት አንድ ሁለት ጊዜ ብቻ። ግማሽ የሻይ ማንኪያ የተፈጨ የእንቁላል ቅርፊትም ይግባበት፤ ሥጋ ብቻ የሚበላ ቡችላ እግሩ የሚንጋደደው ካልሲየም ስላጣ ነው። ለሁለት ጊዜ ተከፍሎ ይሰጥ። ጨው፣ በርበሬና ሽንኩርት የለም። እርሾ ያለበት ጥሬ ሊጥም አይድረስበት፤ ሆዱ ውስጥ ይነፋል፣ አልኮልም ያወጣል።

«ድመት እንጀራና ወተት ይበቃታል።»

አይበቃትም። ድመት ቶሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር ከሥጋ ብቻ ነው የምታገኘው፤ ሲጎድላት ዓይኗ ይጠፋል፣ ልቧ ይደክማል። ካደገች በኋላ ወተት ያስቀምጣታል። ወጥ የነካው ፍትፍት ደግሞ የባሰ ነው፤ ሽንኩርት ቢበስልም ቀይ የደም ሕዋሷን ያፈርሳል፤ ለሦስት ኪሎ ድመት 15 ግራም ገደማ፣ ማለትም አንድ ማንኪያ ቁሌት፣ ለጉዳት ይበቃል።