ኢሚውኖቴራፒ ላይ ያለ ሰው ሲያስቀምጠው

ብዙዎቻችሁ ተቅማጡን «አሜባ ነው» ብላችሁ ሜትሮኒዳዞል እየገዛችሁ ስለሆነ ላስረዳ። ኢሚውኖቴራፒ የሰውነት መከላከያ ካንሰሩን እንዲወጋ የሚያደርግ ሕክምና ነው፤ እንደ ፔምብሮሊዙማብ ያሉት መድኃኒቶቹ የሰውነትን መከላከያ ልጓም ይፈታሉ፤ መከላከያው ካንሰሩን ሲወጋ ጤነኛውን አንጀትም ሊያቆስል ይችላል።

የሚቆጠረው ከወትሮው የጨመረው ነው። በቀን 1 ጊዜ ለሰገራ ይወጡ የነበሩ እናት አሁን 6 ጊዜ ከወጡ ጭማሪው 5 ነው። ከ4 በታች ቀላል፣ ከ4 እስከ 6 መካከለኛ፣ ከ7 ጀምሮ ከባድ ይባላል። ደም፣ ብርቱ ቁርጠት ወይም ትኩሳት ካለ ግን ቁጥር አትጠብቁ፤ ቡሬም ሁኑ ደብረ ማርቆስ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ ሂዱ፣ ወይም ለካንሰር ሐኪሙ ደውሉ።

የሰገራ ምርመራ ይቅደም። ኢንፌክሽን ከሌለና ተቅማጡ ከበረታ አብዛኛውን ጊዜ ፕሬድኒሶሎን (መከላከያውን የሚያረጋጋ ስቴሮይድ) ይታዘዛል፤ ተሻለኝ ተብሎ በድንገት አይቋረጥም፣ በሳምንታት ይቀነሳል።

የሚጀምርበት ጊዜ ከሰው ሰው ይለያያል፤ ሕክምናው ካለቀ ከወራት በኋላም ሊመጣ ይችላል።