ጫጩቱን ማን ገፈተረው? ስለ ሰሜን ዋልታ የባሕር ወፎች የምንሳሳታቸው ነገሮች

ስቫልባርድ የኖርዌይ ደሴቶች ናቸው። እዚያ አልኬፍዬሌት የሚባል ገደል አለ፤ በመራቢያ ወቅት በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ጊልሞት የሚባሉ ወፎች ይሰፍሩበታል።

„እናቲቱ ጫጩቷን ገፍትራ ትጥላለች።“ ክረምቱ ላይ በጀልባ ሆኖ ሽቅብ ያየ ሰው እንዲህ ቢል አይፈረድበትም። የሦስት ሳምንት ጫጩት፣ መብረር ሳይችል፣ ከገደሉ ቁልቁል ይዘላል። ግን የገፈተረው የለም። ወላጆቹ ዓሣ የሚያመጡለት ከሩቅ፣ ያውም አንድ አንድ እያሉ ነው፤ እዚያው ቢቆይ አይጠግብም። ስለዚህ ምግቡ ወዳለበት ይወርዳል። ትንንሽ ክንፎቹን እያርገበገበ ሲወርድ አባቱ እግር በእግር ይከተለዋል። አዎ፣ አባቱ! ውሃው ላይ ተጠራርተው ይገናኙና አብረው ወደ ሰፊው ባሕር ይዋኛሉ። ከዚያ በኋላ ለሳምንታት የሚመግበው እሱ ነው። ባሕሩ ጋ ሳይደርስ መሬት ላይ የወደቀውን ግን ቀበሮ ልትበላው ትጠብቀዋለች።

„ጎጆ አትሠራም፣ ግዴለሽ ናት።“ እንቁላሏን ባዶ ድንጋይ ላይ መጣሏ እውነት ነው። ግን አንዲት እንቁላል ብቻ ናት፤ እናትና አባት ለአንድ ወር ያህል እየተፈራረቁ ያቅፏታል። የአንዷ ወፍ እንቁላል ሰማያዊ፣ የሌላዋ ነጭ፣ የሦስተኛዋ ቀለም የተደፋባት ትመስላለች፤ ወላጆቹ የራሳቸውን የሚለዩት በዚህ ነው።

„እንቁላሏ ሾጣጣ የሆነችው ስትንከባለል ክብ እንድትዞር ነው።“ ይሄ ብዙ የተደጋገመ ወሬ ነው። እንግሊዛዊው የወፍ ተመራማሪ ቲም በርክሄድና ባልደረቦቹ የወፏን የቅርብ ዘመድ እንቁላል ተዳፋት ላይ አስቀምጠው ሞከሩ። በ2018 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ውጤት ሌላ ነው፤ ቅርጹ እንቁላሏ መጀመሪያውኑ እንዳትንከባለል ይረዳታል።

„ፔንግዊንም አለ።“ የለም። ፔንግዊን ደቡብ ነው።

„አርክቲክ ተርን የምትባለው ወፍ ሰው ትጠላለች።“ አናት ላይ ስትጠቀጥቅ ያመማል፣ እሺ። ግን እንቁላሏ መሬት ላይ ነው፣ ጠጠር ይመስላል፤ እርስዎ ሳያዩት ሊረግጡት ነው። በመጡበት ይመለሱ።

„ጊልሞት ካልበረረች አልተረበሸችም።“ ከሁሉ የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ጊልሞቶች ፎቶ አንሺ ሲጠጋ ወዲያው ላይነሱ ይችላሉ። መጀመሪያ አንገታቸውን ከፍ ዝቅ ማድረግ ይጀምራሉ። ያኔ ጀልባው በጣም ቀርቧል። በድንገት ግር ብለው ከተነሱ እንቁላሉ ከድንጋዩ ይንሸራተታል፤ የተረፈውን ደግሞ በላያቸው የምታንዣብበው ትልቋ የባሕር ወፍ ላፍ ታደርገዋለች።