ቀጭኑ ኤተርኔት፦ በኮአክሲያል ገመድ የሚዘረጋ ርካሽ ኔትወርክ

ቀጭን ኤተርኔት፣ በመደበኛ ስሙ ቴንቤዝ2፣ በአንድ ሕንፃ ውስጥ ያሉ ኮምፒውተሮችን በአንድ ኮአክሲያል ገመድ (መካከለኛ ሽቦው በብረት መከለያ የተከበበ ገመድ) ላይ ተራ በተራ በማያያዝ መረጃን በሰከንድ በ10 ሜጋቢት ፍጥነት የሚያስተላልፍ የኔትወርክ ዓይነት ነው። ሁሉም የሚገናኙበት ማዕከላዊ መሣሪያ ስለማያስፈልገው፣ ወጪው የገመድ፣ የማገናኛና የኔትወርክ ካርድ ብቻ ነበር።

ኤተርኔት እ.ኤ.አ. በ1973 በዜሮክስ የፓሎ አልቶ ምርምር ማዕከል በሮበርት ሜትካፍና በዴቪድ ቦግስ ተጀመረ። ቀድሞ የወጣው ደረጃ 10 ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት ያለው፣ ለማጠፍ የሚያስቸግር ገመድ ይጠቀም ነበር፤ እያንዳንዱም ማሽን ገመዱ ላይ የሚገጠም የተለየ ማስተላለፊያ ይፈልግ ነበር። በ1985 የጸደቀው ቀጭኑ ዓይነት ግን ማስተላለፊያውን ወደ ካርዱ አስገባው፤ ገመዱም ወደ 5 ሚሊሜትር ቀጠነ። ትንንሽ ቢሮዎች ኔትወርክ እንዲኖራቸው ያስቻለው ይህ ውሳኔ ነው ማለት ይቻላል።

ለዝርጋታው የሚያገለግለው 50 ኦም (ኦም የኤሌክትሪክ መቋቋም መለኪያ ነው) የሆነው አርጂ-58 የተባለ ገመድ ነው። የቴሌቪዥን አንቴና ገመድ በመልክ ቢመስለውም 75 ኦም ስለሆነ አይተካውም። አንድ መስመር እስከ 185 ሜትር ሊረዝምና እስከ 30 ማሽኖች ሊይዝ ይችላል፤ በስሙ ውስጥ ያለው «2» ይህ ርዝመት ወደ 200 ተጠጋግቶ የተወሰደ ነው። በሁለት ማሽኖች መካከል ቢያንስ ግማሽ ሜትር ገመድ መኖር አለበት። የቲ ቅርጽ ያለው ማገናኛ በቀጥታ ካርዱ ላይ ይሰካል እንጂ በመካከሉ ቅጥያ ገመድ አይገባም፤ ቅጥያው ምልክቱን መልሶ ያንጸባርቃልና። በዚሁ ምክንያት በመስመሩ ሁለት ጫፎች ላይ 50 ኦም ተርሚኔተር፣ ማለትም ምልክቱ እንዳይንጸባረቅ ጫፉን የሚዘጋ ማስቀሪያ፣ የግድ ይደረጋል፤ ከሁለቱ አንዱ ብቻ፣ በአንድ ቦታ፣ ከመሬት ጋር ይያያዛል።

የመስመሩ ጤንነት በተራ ቴስተር መታወቁ ከሁሉ የሚያስመሰግነው ነገር ነው። ማሽኖቹ ጠፍተው አንድ ቲ ከካርዱ ይነቀልና በመካከለኛው ሽቦና በመከለያው መካከል ይለካል። ሁለቱ ተርሚኔተሮች ትይዩ ስለሆኑ ንባቡ 25 ኦም ገደማ ይሆናል። 50 ካሳየ በአንድ ወገን ገመዱ ተቆርጧል ወይም ተርሚኔተሩ ወልቋል፤ ወደ ዜሮ ከተጠጋ ሾርት አለ። ከዚያ መስመሩን ከመሐል እየከፈሉ ጉዳቱ ያለበትን ክፍል መለየት ነው።

ድክመቱም እዚያው ነው፦ አንድ ሰው ጠረጴዛ ሲያንቀሳቅስ ገመዱን ቢያላቅቅ መስመሩ ላይ ያሉት ሁሉ ይቋረጣሉ። በ1990 የጸደቀው የተጠማዘዘ ሽቦ ኤተርኔት ቦታውን የወሰደው፣ በብዙዎች አስተያየት፣ በፍጥነት በልጦት ሳይሆን ጉዳትን በአንድ ማሽን ላይ ስለሚወስን ነው፤ የሁለቱም ፍጥነት ያኔ 10 ሜጋቢት ነበር። ቴንቤዝ2 ከ2011 ጀምሮ ለአዲስ ዝርጋታ አይመከርም። ብዙ መሣሪያዎችን በአንድ መስመር ላይ የመደርደሩ ሐሳብ ግን በ2019 በጸደቀው፣ በአንድ ጥንድ ሽቦ በሚሠራውና ለመኪናዎችና ለፋብሪካዎች በታሰበው የ10 ሜጋቢት ኤተርኔት ተመልሷል።