ካርቦን መቅበርና ሕጉ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ከፋብሪካ የሚወጣን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይዞ ከርሰ ምድር ስለመቅበር ሲወራ ሁሉም ስለ ማሽኑ ይጠይቃል። ነገሩን የሚያንቀሳቅሰው ግን ሕግ ነው። (ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

«ኩባንያዎች በራሳቸው ተነሳሽነት የጀመሩት ነው»

አይደለም። ኖርዌይን እንይ። በሰሜን ባሕር ስላይፕነር ከተባለው የጋዝ መስክ የሚወጣው የተፈጥሮ ጋዝ እስከ 9 በመቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አለበት። ጋዙን የሚገዙ ደንበኞች ደግሞ ከ2.5 በመቶ በላይ አይቀበሉም። ስለዚህ መለየቱ የግድ ነበር። ከለዩት በኋላ ግን ዝም ብለው ወደ ሰማይ ሊለቁት ይችሉ ነበር። ይህን ያስቀረው መንግሥት በ1991 የጣለው የካርቦን ታክስ ነው። ታክሱን ከመክፈል መቅበሩ አዋጭ ሆነ። በ1996 ሥራው ተጀመረ፤ በዓመት 1 ሚሊዮን ቶን ገደማ ከባሕሩ ወለል ሥር ወዳለ የአሸዋ ድንጋይ ይገባ ጀመር።

«ፀሐይና ነፋስ እያለ ለዚህ ገንዘብ ማውጣት ብክነት ነው»

ለመብራት ከሆነ እስማማለሁ። ሲሚንቶ ግን ሌላ ነው። የኖራ ድንጋይ ሲቃጠል ካርቦኑ ከራሱ ከድንጋዩ ይወጣል፤ ምድጃው በምንም ቢነድ ለውጥ የለውም። የእኛዎቹ ሙገርና ደርባም ከዚህ አያመልጡም። በኖርዌይ ብሬቪክ ከተማ በ2025 የተመረቀው የሲሚንቶ ፋብሪካ የካርቦን መያዣ በዓመት 400 ሺህ ቶን እንዲይዝ ነው የተሠራው። የፋብሪካውን ልቀት ግማሽ ያህል ማለት ነው። ከወጪው አብዛኛውን የሸፈነው መንግሥት ነው።

«አንዴ ከተቀበረ ተጠያቂ የለም»

በአውሮፓ ኅብረት የ2009 መመሪያ መሠረት ጉድጓዱ ከተዘጋ በኋላም ኃላፊነቱ የኩባንያው ነው። ወደ መንግሥት የሚዛወረው በመደበኛው ቢያንስ 20 ዓመት ቆይቶ፣ ጋዙ እንደማይወጣ ማስረጃ ሲቀርብ ነው። ለቀጣይ ክትትልም ኩባንያው አስቀድሞ ገንዘብ ያስይዛል።

«ድጎማው እንዲሁ የሚታደል ብር ነው»

በአሜሪካ ካርቦን ለሚቀብሩ የታክስ ቅናሹ የሚሰጠው በተቀበረው ቶን ልክ ነው። በ2022 ሕግ ለፋብሪካዎች እስከ 85 ዶላር በቶን ደርሷል። ሐሜቱ ግን መሠረት አለው። የግምጃ ቤቱ የታክስ ተቆጣጣሪ በ2020 እንዳሳወቀው፣ ከተጠየቀው 1 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ውስጥ ወደ 894 ሚሊዮን የሚጠጋው የክትትል ደንቡን ሳያሟላ የተጠየቀ ነበር። በ2021 የጸደቀው ደንብ ጋዙ ካፈተለከ ቅናሹ እንዲመለስ ያዛል። ወደኋላ የሚጠይቀው ግን የ3 ዓመቱን ብቻ ነው። በረቂቁ 5 ዓመት ነበር፤ ማሳጠር አልነበረባቸውም።