«ተቃጥሏል» ከማለታችሁ በፊት፦ የፋን ድራይቭ ላይ የሚነገሩ የተሳሳቱ አባባሎች

ድሬዳዋ ውስጥ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ የፋብሪካው አየር ማውጫ ፋን ሲቆም ሁሉም ይጣደፋል። በዚያ ሙቀት ማን ይታገሣል? የፋኑን ፍጥነት የሚቆጣጠረው ድራይቭ (ኢንቨርተርም ይሉታል) ላይ ቀይ መብራት ይበራል። ፍርዱም ወዲያው ይሰጣል፦ «ኢንቨርተሩ ተቃጥሏል፣ ይቀየር።» አብዛኛውን ጊዜ ግን ድራይቩ መርዶ ነጋሪ ነው እንጂ ገዳይ አይደለም። ችግሩ ያለው ፋኑ፣ ገመዱ፣ አቧራው ወይም ሴቲንጉ ላይ ነው።

«ሪሴት አድርገው፣ ይነሳል»

ይነሳ ይሆናል። ድራይቩ የሚያሳየው የስህተት ኮድ ሾርት ወይም የኧርዝ ችግር (ኤሌክትሪክ ወደ መሬት መፍሰስ) ከሆነ ግን ደጋግሞ ሪሴት ማድረግ ደህናውን ድራይቭ በእጅ መግደል ነው። መጀመሪያ ኮዱን ጻፉ። ቀጥሎ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ የቆመው ሲነሳ ነው፣ እየሠራ ሳለ ነው ወይስ ሲጠፋ? ግማሹ መልስ እዚያ ውስጥ አለ።

«ኦቨር ቮልቴጅ ካለ ጥፋቱ የመስመሩ ነው»

አንዳንዴ ነው። ትሪፕ የሚያደርገው፣ ማለትም ድራይቩ ራሱን የሚያቆመው፣ ፋኑን ስታጠፉት ከሆነ ግን መስመሩን ተዉት። ከባድ የፋን ክንፍ አንዴ ከዞረ ቶሎ አይቆምም። ድራይቩ ኸርዙን (የሞተሩን ፍጥነት የሚወስነውን ድግግሞሽ) ቶሎ ሲያወርድ ፋኑ ሞተሩን እየነዳ ጄኔሬተር ያደርገዋል፤ ኃይሉም ወደ ድራይቩ ይመለሳል። በ400 ቮልት ድራይቭ ውስጥ ያለው ዲሲ (ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ) በደህናው ጊዜ 550 ቮልት አካባቢ ነው። 800 አካባቢ ሲደርስ ድራይቩ ራሱን ለማዳን ይቆማል። መድኃኒቱ የማቆሚያውን ጊዜ ማርዘም ነው፤ 10 ሰከንድ የነበረውን 60 ወይም ከዚያ በላይ አድርጉት። ወይም ፋኑ በራሱ ጊዜ ዞሮ ይቁም። አየር ማውጫ ምን ያጣድፈዋል? ለዚህ ብሎ ብሬክ ሬዚስተር (የሚመለሰውን ኃይል ወደ ሙቀት የሚቀይር ዕቃ) መግዛት ትርፍ ወጪ ነው።

የዚህ ግልባጭ ደግሞ አለ። መብራት ሄዶ ወዲያው ሲመለስ ፋኑ ገና እየዞረ ነው። ወይም በአንድ የአየር ቱቦ ላይ ያለ ሌላ ፋን ወደ ኋላ ያዞረዋል። ድራይቩ ከዜሮ ልነሳ ሲል ከሚዞረው ሞተር ጋር ይጋጭና በኦቨር ከረንት ይቆማል። የሚዞረውን ሞተር ባለበት ፍጥነት የሚቀበለው ፍላይንግ ስታርት የሚባል ሴቲንግ ለዚሁ የተሠራ ነው። ብዙ ድራይቭ ላይ ግን ካላበራችሁት ጠፍቶ ነው የሚቀመጠው።

«ወደ ኋላ ከዞረ መግቢያው ላይ ሁለት ፌዝ ማቀያየር ነው»

ድራይቭ ካለ ምንም አይለወጥም። የገባው ኤሌክትሪክ መጀመሪያ ወደ ዲሲ ይቀየራልና። ማቀያየር ያለባችሁ ወደ ሞተሩ የሚሄዱትን ሁለት ገመዶች ነው፤ ወይም አቅጣጫውን በሴቲንግ ቀይሩ። ሴንትሪፉጋል ፋን ወደ ኋላ ቢዞርም አየሩን በዚያው አቅጣጫ ነው የሚገፋው፣ ግን በደካማው። ስለዚህ ወራት ሙሉ ሳይታወቅ ሊቆይ ይችላል።

«ሐረር ቀዝቃዛ ነው፣ እዚያ ድራይቭ አይሞቅም»

ሐረር ከፍታዋ 1,900 ሜትር ገደማ ነው። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስስ ስለሚሆን ሙቀት በደንብ አይወስድም። ብዙ አምራቾች ከ1,000 ሜትር በላይ ለእያንዳንዱ 100 ሜትር ከአቅሙ 1 በመቶ ቀንሱ ይላሉ። ይህ ለሐረር 9 በመቶ ገደማ ይመጣል። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር አካባቢ ስለሆነች በከፍታ በኩል የምታጣው ትንሽ ነው። እሷን የሚጎዳት ሙቀቱ ነው። ውጭ 35 ዲግሪ ሲሆን ድራይቩ ያለበት የተዘጋ ፓኔል (ሣጥን) ውስጥ ከ40 ማለፉ አይቀርም፤ ከዚያ በላይ ደግሞ ሌላ ቅነሳ አለ።

«ታዲያ የፓኔሉን በር ከፍተን የጠረጴዛ ፋን እናዙርበት» የሚል አይጠፋም። ለዛሬ ያበርዳል፤ የሲሚንቶ ብናኝና የጥጥ ብናኝም አብሮ ያስገባል። ያ ብናኝ የድራይቩን ማቀዝቀዣ ክንፎች ሲደፍን ጉዳዩ ይብሳል። ይልቅ የፓኔሉን ፊልተር ቀይሩ፤ ድራይቩ ውስጥ ያለችው ትንሽ ፋን መዞሯንም እዩ። እሷ አላቂ ዕቃ ናት።

«አየር ካነሰ ኸርዙን ጨምር»

ከ50 ወደ 55 ኸርዝ ስትወጡ ፋኑ የሚፈልገው ኃይል 33 በመቶ ይጨምራል። ሞተሩ ይህን የሚችል ካልሆነ ኦቨርሎድ በገዛ እጃችሁ ጠራችሁ። የላላ ቺንጋ፣ የተደፈነ ፊልተር ወይም የተዘጋ የአየር በር መኖሩን አስቀድማችሁ ፈትሹ።

«በሜገር እንፈትሸው»

ሜገር የኤሌክትሪክ መከላከያ ሽፋንን በከፍተኛ ቮልቴጅ የሚፈትሽ መሣሪያ ነው። ሞተሩን አዎ፣ ድራይቩን አይሆንም። የሞተሩን ገመድ ከድራይቩ ሳትፈቱ ሜገር ከሰደዳችሁ ያኔ በእውነት ይቃጠላል። ከመፍታታችሁ በፊት ደግሞ መብራቱን አጥፉና ድራይቩ ላይ የተጻፈውን ደቂቃ ጠብቁ። ከዚያም ዲሲው መውረዱን ለኩ። ድራይቩ ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ካፓሲተር መብራት ከጠፋም በኋላ ይገድላል።

«መጋዘን ያለው አዲስ ነው፣ ሰክተህ አስነሳው»

ሳይሠራ ከአንድ ዓመት በላይ የተቀመጠ ድራይቭ ካፓሲተሩ ይዳከማል። ሙሉ ቮልቴጅ ድንገት ከሰጣችሁት ሊፈነዳ ይችላል። በማኑዋሉ መሠረት ቮልቴጁን ቀስ በቀስ እያሳደጋችሁ አንቁት። ካርቶኑ ላይ የተመረተበትን ቀን እዩ፤ የገዛችሁበት ቀን አይቆጠርም።